ኒኬል የለበሰው መስቀል

ባለፈው ሰኔ የልጅ ልጄ ሰላም የመመረቂያ ጥናቷን ስታቀርብ እንድገኝላት ጠየቀችኝ። ዝናብ ስለነበር ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩና ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም። ጥናቷ ስለ ብረት ነክ ስስ ሽፋኖች ነበር፤ ከፀጉር ዘለላ እጅግ የሳሱ ሽፋኖች። ገጻቸው ልስልስ ሲሆንና ሻካራ ሲሆን የማግኔትነት ጠባያቸው እንዴት እንደሚለያይ ታስረዳ ጀመር። በግድግዳው ላይ ያበራችው ሥዕል የተራራ ሰንሰለት ይመስላል፤ እሷ ግን «ይህ የአንዱ ሽፋን ገጽ ነው፣ እጅግ ጎልቶ ሲታይ» አለች። ቀጥላም «ሻካራው ማግኔትነቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ልስልሱ ቶሎ ይለቃል» ስትል ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም።

ከአዳራሹ ስንወጣ ክንዴን ይዛ «አባባ፣ አልገባህም መሰለኝ፤ ፊትህ ጠቁሯል» አለችኝ።

«ገብቶኛል» አልኳት። «እናትሽ ሳትወለድ በፊት ነው የገባኝ።»

የምቀልድ መስሏት ሳቀች።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ንጉሡ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ሦስት አራት ዓመት ቢቀራቸው ነው፤ ግን ያንን የሚያውቅ አልነበረም። ኮልፌ በአንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። ከመሐል ከተማ ስመለስ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ወርጄ ቀሪውን በእግሬ እሄዳለሁ። በክረምት ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፤ በበጋ ደግሞ የባሕር ዛፍ የተጫኑ አህዮች የሚያስነሡት አቧራ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሥርዓት እወድ ነበር፦ ጠመኔዬ በቀለም የተለየ፣ ደብተሬ በመስመር የተከፈለ። ከሁሉ በላይ ማስረዳት እወድ ነበር። ሰው ሻይ ሲያማስል ካየሁ ስኳሩ ለምን እንደሚሟሟ ሳልነግረው አላልፍም።

ዱላ በዚያ ዘመን የየቀኑ ነገር ነበር። ተማሪ በአርጩሜ ይገረፋል፤ እኔም ገርፌአለሁ። ሰልፍ የወጣው በፖሊስ ቆመጥ ተቀጥቅጦ በማግስቱ ጭንቅላቱን በጨርቅ አስሮ ክፍል ይገባል። «ሌባ ተያዘ» ከተባለ መንደሩ ድንጋይ እያነሣ ይወጣል፤ ከተመቺው ይልቅ ዘግይቶ የደረሰው ይቆጫል። ይህን የማነሣው ለሰበብ አይደለም። ያን ቀን የሆነው ነገር ከሰማይ እንዳልወረደ እንዲታወቅልኝ ነው።

የተከራየሁት ክፍል በጋሽ ወልዴ ግቢ ውስጥ ነበር። ወላጆቹ ከጉራጌ አገር መጥተው ኮልፌ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ እዚያው ተወልዶ አደገ። ሥራው ብረት መለበጥ ነበር። ላስረዳ፦ የብስክሌት መሪ፣ የአልጋ ራስጌ ወይም የመኪና መከላከያ ሲዝግ ወደ እሱ ይመጣል። እሱ ያጸዳውና ኒኬል ያለብሰዋል። ሙያውን የተማረው ከአንድ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በጓሮው ያለውን አረንጓዴ ውኃ የሞላበት ገንዳ «ባኞ» ይለዋል። በውኃው ውስጥ አንድ የኒኬል ቁራጭና የሚለበጠው ዕቃ ይንጠለጠላሉ፤ ሁለቱም በሽቦ ከካሚዮን ባትሪ ጋር ይያያዛሉ። ኒኬሉ ከቁራጩ ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ ዕቃውን ያለብሰዋል። ሁለት ሦስት ሰዓት ቢቆይ እንኳ ሽፋኑ ከወረቀት የሳሳ ነው።

እሑድ እሑድ ባለቤቱ እትዬ ብርቄ ቆጮ በጎመን ታቀርብልኛለች። ደኅና ሰዎች ነበሩ። ጎረቤቱ ፊት ለፊት «ጋሽ ወልዴ» ይለዋል፤ ከኋላው ግን «ቀጥቃጭ» ነው። ብረትና እሳት በሚነካ ሰው ላይ ያገሬ ሰው የቆየ ክፉ ግምት አለው። ብስክሌቱን ያሠራበታል፣ ማዕዱን ግን አያጋራውም። በመንደራችን የነበረው የሚካኤል ማኅበር እኔን፣ ትናንት የመጣሁትን ተከራይ፣ በወሩ አባል ሲያደርገኝ እሱን ከልጅነቱ ጀምሮ አልጠራውም።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሁለት የነሐስ ቁራጭ ይዤ ጓሮው ገባሁ።

«ጋሼ፣ አንዱን እንደ መስታወት አድርግልኝ። ሌላውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው። ከዚያ ሁለቱንም እኩል ለብጥልኝ።»

«የተሻከረውማ ያስቀይማል።»

«ለትምህርት ነው።»

«ልጆቹን አስቀያሚ ነገር ነው እንዴ የምታስተምረው?» አለና ሳቀ። «ለነገሩ ኒኬል ካልሻከረለት አይዝም። ጣልያኑም ሲሰድበኝ የነበረው በዚህ ነው።»

ሁለቱ ቁራጮች ከባኞው ሲወጡ የትምህርት ቤቱን ማግኔት በየተራ አሻሸሁባቸውና ማግኔቱን አርቄ አስቀመጥኩት። ከዚያ እያንዳንዱን ወደ ኮምፓሱ አስጠጋሁ። ለልስልሱ መርፌዋ ትንሽ ተንቀጥቅጣ ተመለሰች። ለሻካራው ግን ዞረች፤ ዞራም ቀረች።

ጋሽ ወልዴ ቁጢጥ ብሎ አፈጠጠ። «አንድ ባኞ፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ኒኬል» እያለ በጣቶቹ ቆጠረ። «ይሄኛው ታዲያ ለምን ያኮርፋል?»

በደስታ አስረዳሁት። ወፍራም ብረት ላይ ገጹ ጥቂት ነገር ነው፤ ጠባዩን የሚወስነው ሆዱ ነው። በጣም ስስ ሽፋን ግን ሆድ የለውም፤ ገጹ ራሱ ነገሩ ነው። የገጹ ጉድጓድና ጉብታ ማግኔትነቱን አንዴ ከያዘው እንደ እሾህ ያዝ አድርጎ ያስቀረዋል። ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር፤ ያንንም ግማሹን የገመትኩት ነው።

በዚያው ሰሞን የማኅበሩ የነፍስ አባት የቄስ ፈንታ የእጅ መስቀል ደረጃ ላይ ወድቆ አንገቱ ላይ ተሰበረ። ጥንታዊ የብር መስቀል ነው፤ የሃምሳ አለቃ ደጀኔ አባት ሊሞቱ ሲሉ ለቄሱ የሰጡት። ሃምሳ አለቃ ጡረታ የወጣ ወታደር ነበር፤ ከኛ ግቢ ሦስት ቤት አልፎ ይኖራል። ቄሱ መስቀሉን ለጋሽ ወልዴ ሰጡት፤ እሱም ያለ ዋጋ ጠገነው። እንዴት እንደጠገነው አልነገረኝም፤ የተማሪዎች ፈተና ላይ ነበርኩ። በኋላ የተረዳሁት ይህ ነው፦ በከፍተኛ እሳት ቢበይደው ጥርቡ እንዳይበላሽ ፈርቶ በቀለጠ ቆርቆሮ አያያዘው። ቆርቆሮው ግራጫ ጠባሳ ተወ። ጠባሳው እንዳይታይ አንገቱን ሞርዶ አሻከረው፤ ከዚያ ከአንገቱ እስከ እጀታው ባኞው ውስጥ ነክሮ ስስ ኒኬል አለበሰው። ቄሱን «አሳምሬዋለሁ» ብቻ አላቸው።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ያን ቀን አዲስ አበባ ጉድፏን ታቃጥላለች፤ ኅዳር ሲታጠን ማለት ይህ ነው። በየበሩ የተከመረ ቆሻሻ፣ ቅጠል፣ ጎማና ጨርቅ ይጨሳል። ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ አመድ ለብሶ ነበር፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ሰው ሁሉ ያስላል። ማኅበሩ የተሰበሰበው በሃምሳ አለቃ ቤት ነበር። ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላና ንፍሮ ዞረ። ቄስ ፈንታ መስቀል ሲያሳልሙ ሃምሳ አለቃ ከተሳለመ በኋላ መስቀሉን አልለቀቀም። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግቶ ተመለከተው።

«አባ፣ ይህ መስቀል ቀለሙ ተለውጦብኛል።»

«ወልዴ ጠግኖት ነው፤ አንገቱ ተሰብሮ።»

«ጠግኖት ነው ለውጦት?»

ከጥግ አንዱ «ብር ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ብር ሆኖ ይወጣል ብለህ ነው?» አለ። ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞረ።

«አስተማሪ፣ ለልጆቹ የምታሳያት የምትዞር መርፌ አለችህ አሉ። ለኛስ አታሳይም?»

ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ዛሬም ያሳፍረኛል። በሩጫ ሄጄ ማግኔቱንና ኮምፓሱን አመጣሁ። ኮምፓሱን በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ፣ ማግኔቱን በመስቀሉ ላይ ከራሱ እስከ እጀታው አሻሸሁ፣ አራቅኩት። ራሱን ሳስጠጋ መርፌዋ ዝም አለች። እጀታውን ሳስጠጋ ትንሽ ተንቀጠቀጠች። አንገቱ ላይ ስደርስ ዞረች።

«ብር መርፌ አያዞርም» አልኩ። «እንግዲህ ይህችን ምን አዞራት?»

ዝምም አልኩ። ይህ የማስተማር ዘዴዬ ነበር፦ መጀመሪያ ማስደነቅ፣ ቀጥሎ መጠየቅ፣ ከዚያ ዝም ማለት፤ ማብራሪያው በመጨረሻ ነው። ክፍል ውስጥ በዚያ ዝምታ መካከል እጆች ይነሣሉ። ከማስተማር ሁሉ የምወደው ያንን ዝምታ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ተነሣ። «ወልዴ» አለ፤ መልስ እንደሚሰጥ ተማሪ።

«ቆዩ፣ ገና ነው፣ አላስረዳሁም…»

በርጩማዎች ተገለበጡ። ጠላው ፈሰሰ። በሩ ለሁሉም አልበቃ ብሎ ተጋፉ። አንዱ ከግቢው የእንጨት ፍልጥ አነሣ፣ ሌላው የአጥር ብረት ነቀለ። «የሚካኤልን መስቀል! የሚካኤልን መስቀል!» የሚለው ጩኸት ጭሱ ውስጥ ሲርቅ ሰማሁ። ቤቱ ውስጥ እኔና መስቀሉን ከእጄ የተቀበሉት ቄስ ፈንታ ቀረን።

ሁለቱ የነሐስ ቁራጮች ወዲያው ትዝ አሉኝ። መርፌዋ እጀታው ላይ ትንሽ ተንቀጥቅጣ አንገቱ ላይ መዞሯ ሻካራ ስስ ሽፋን ስላለበት ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ ብሩ ይኖራል። ግን ቢሆን ነው። ባይሆንስ? በግምት ሮጬ ብናገርና ብሳሳትስ? ያልተረጋገጠ ነገር አይነገርም ብዬ ለልጆቹ በሰሌዳ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሽፋኑ ቢፋቅና መርፌዋ ዝም ብትል ነገሩ ይለያል።

«አባ፣ መስቀሉን ልፋቀው።»

«መስቀል ይፋቃል እንዴ ልጄ? ምን ሆነሃል?»

«ጋሽ ወልዴ ብሩን አልወሰደም ይሆናል። ላረጋግጥ።»

ከወደ ግቢያችን በር ሲሰበር ሰማን። ቄሱ አማትበው መስቀሉን ሰጡኝ። ጓዳ ገብቼ የቢላዋ መሳያ ድንጋይ አመጣሁ፤ አንገቱን አሻሸሁ። የላይኛው ነጭ ቆዳ ሄደ፤ ከሥሩ ብሩ፣ በመካከሉም የቆርቆሮው መስመር ወጣ። ማግኔቱን አሳለፍኩ። መርፌዋን አየሁ። እትዬ ብርቄ ስትጮኽ ይሰማል። ደግሜ አሻሸሁ፣ ደግሜ ማግኔቱን አሳለፍኩ፣ መርፌዋን አየሁ። አንድ ከባድ ነገር ተሰባበረ፤ ባትሪው ነበር። እንደገና አሳለፍኩ።

«ልጄ፣ ሂድ እንጂ» አሉኝ ቄሱ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ቀረኝ አባ።»

ሦስት ሙከራ ሥርዓት ነበር።

ስደርስ የግቢው በር መሬት ተኝቷል። ባኞው ተገልብጦ አረንጓዴው ውኃ በአፈሩ ላይ እየፈሰሰ ነው፤ ሰዎች ይረግጡታል፣ እግራቸው አረንጓዴ ሆኗል። እትዬ ብርቄን ሁለት ሰዎች ፀጉሯን ይዘው ከግድግዳ አጣብቀዋታል፤ ከአፏ ደም ይወርዳል። ጋሽ ወልዴ ተንበርክኳል። ቀኝ እጁን በገዛ ሽቦው ብረት ከሚያስተካክልበት የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ጋር አስረውታል። ሃምሳ አለቃ የአጥሩን ብረት ይዞ ከላይ ቆሟል።

«የአባቴ ብር የት ነው?»

«እዚያው ነው» ይላል ጋሽ ወልዴ። «ውስጡ ነው ጌታዬ። እዚያው ውስጡ ነው።»

ብረቱ ወረደ። ድምፁን አልገልጸውም። አመልካች ጣቱ ቀድሞ ወደ ማይታጠፍበት ታጥፏል፤ ቀጥሎ ያለውም፤ ይህ ሦስተኛው ነበር። ከኋላ ያሉት መድረስ ያልቻሉት በሰው ራስ ላይ እያሳለፉ ድንጋይ ይወረውራሉ፤ አንዱ ጆሮውን ቀደደው። «ወደ እሳቱ!» አለ አንዱ። ጭሱ ከበሩ ላይ ካለው የጉድፍ ክምር ወደ ግቢው ይገባል፤ ጎማው ሥሩ ቀልቷል። ሽቦውን ፈትተው በእግሩ ይጎትቱት ጀመር።

«ብር ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ቆዳው ብቻ ነው ኒኬል!» ማንም አልዞረም። አንዱን ትከሻ ስይዝ በክርኑ አፌን መታኝና ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ሌላው አንገቴን አንቆ ወደ ኋላ ገፈተረኝ፤ ማን እንደሆንኩ እንኳ አላየም። የጋሽ ወልዴ የሱሪ ጫፍ እሳት ሲይዝ አየሁ። የተቃጠለ ጨርቅና ሥጋ ሸተተኝ።

ያን ጊዜ ቄስ ፈንታ እያሳሉ ደረሱ። መስቀሉን ከእጄ ወስደው ከፍ አደረጉት። «ገዝቻለሁ! የነካው ሁሉ የተገዘተ ይሁን!»

ቆሙ። ግዝት ይፈራ ነበር። እትዬ ብርቄ ከያዟት አምልጣ በባዶ እጇ የሱሪውን እሳት አጠፋች። እኔ ኮምፓሱን እዚያው መሬት ላይ አስቀመጥኩና መስቀሉን ከቄሱ ተቀብዬ አንገቱን አስጠጋሁ። መርፌዋ ዝም አለች። ሽፋኑ ስስ እንደነበር፣ ተፍቆ እንደሄደ፣ ከሥሩ ብሩ እንዳለ፣ አንድም እንዳልጎደለ አስረዳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጸጥ ብሎ የሰማኝ ክፍል የለም።

«ታዲያ ንጹሕ ሰው ነው የመታነው?» አለ አንዱ።

«ማን ነው ያስመታን?» አለ ሌላው።

ዓይኖች ሁሉ ወደ ሃምሳ አለቃ ዞሩ። ብረቱን ጣለ። «ወንድሞቼ፣ አብረን አይደል…» ሲል የመጀመሪያው ድንጋይ አፉ ላይ አረፈ። ከዚያ ያው ፍልጥ፣ ያው እግር። ጥርሱን አረንጓዴው ጭቃ ላይ ሲተፋ አየሁት። መንጋጋው ተሰብሮ እስኪወድቅ አልተዉትም፤ የቄሱ ግዝትም ለሁለተኛ ጊዜ አልሠራም። ከመቺዎቹ አንዱ እያለከለከ አልፎኝ ሲሄድ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ተባረክ አስተማሪ። አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» አለኝ።

ፖሊስ ሲመጣ ከመቺዎቹ አንድም ሰው አልነበረም። «ማን መታው?» አሉን። «ሕዝብ» አልን። ተጽፎ ቀረ።

ጋሽ ወልዴን በራሱ ደንበኛ ባመጣው የአልጋ ራስጌ ላይ አስተኝተን እስከ አስፋልቱ ተሸከምነው። መንገድ ላይ ዓይኑን ገለጠ።

«አስተማሪ፣ ፋቅከው አሉ?»

«አዎ ጋሼ።»

«በምን?»

«በቢላዋ መሳያ።»

«ወይኔ» አለ። «እሱማ ይቧጭረዋል።»

ሦስቱ ጣቶች አልዳኑም፤ ሁለቱ ተቆረጡ፣ አንዱ ደረቀ። ባኞውን ዳግመኛ አላቆመም። እትዬ ብርቄ ጉሊት ቂቤ መሸጥ ጀመረች፤ እሱ በግራ እጁ የብስክሌት ጎማ ይለጥፍ ነበር። ሃምሳ አለቃ ከተሻለው በኋላ መንደሩን ለቀቀ። ቄሱ በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ። እኔም ለብዙ ዓመት ከዚያ ግቢ አልወጣሁም፤ የቤቱ ልጅ ሆንኩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጋሽ ወልዴ በግራ እጁ ወደ እኔ እያመለከተ «ይህ ልጅ እውነቱን እንዳየ ወዲያው በሩጫ ባይደርስልኝ እሳት በልቶኝ ነበር» ይል ነበር። እስኪሞት ድረስ ይህን አለ። አንድም ቀን አላረምኩትም፤ እኔ፣ የተማሪን ነጠላ ሰረዝ ሳላርም የማልተኛው።

እትዬ ብርቄ አሁንም በሕይወት አለች። ዓይኗ ደክሟል፤ በድምፄ ነው የምታውቀኝ። ለሰላም ምርቃት ስትጠራ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ለልጆቹም ያንኑ ነገረቻቸው፦ አያታችሁ የወልዴን ነፍስ ያተረፈ ነው አለች፤ ሮጦ ደረሰ አለች። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። እኔ እጇን ይዤ ዝም አልኩ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ግን ቤቷ ድረስ ሸኘኋትና በሩ ላይ ቆሜ፣ በሃምሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል አስረዳኋት። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቄሱ፣ እሷ ስትጮኽ እንደሰማኋት፣ ሦስት ጊዜ እንደሞከርኩ።

የበሩን መቃን በእጇ ዳስሳ ተደገፈች።

«በመጀመሪያው ሙከራስ?» አለችኝ። «መርፌዋ ምን አለች?»

«ዝም ነበር ያለችው እትዬ» አልኳት። «በመጀመሪያውም ዝም ነበር ያለችው።»